የአክስል ላስቲክ፦ ክረምቱ ሳይገባ እዩት፣ ከተቀደደም እንዲህ ቀይሩት

ጅማ ውስጥ መኪና የሚይዝ ሰው ጎማውን ያያል፣ ዘይቱን ያያል፣ ፍሬኑን ያያል። የአክስሉን ላስቲክ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። የሚታወሰው መሪ ሲጠመዘዝ ከጎማው በኩል "ቀጭ ቀጭ ቀጭ" የሚል ድምፅ ሲመጣ ነው። ያኔ ደግሞ ላስቲክ መቀየር ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ሙሉ አክስል ትገዛላችሁ። የሁለቱ ዋጋ ፈጽሞ አይገናኝም። የእኛ ከተማ ደግሞ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የሚያገኝ ነው፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ወረድ ካላችሁ ቀይ ጭቃ ይቀበላችኋል። ለዚህ ነው ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ልጽፈው የፈለግኩት።

ላስቲኩ ምን ይሠራል?

በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ካላችሁ፣ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ አዲሶቹ ኮሮላዎች፣ ዲዛየር፣ ከካምቢዮው ወደ ሁለቱ የፊት ጎማዎች የሚሄዱ ሁለት ዘንጎች አሉ፤ አክስል የምንላቸው እነሱ ናቸው። እያንዳንዱ ዘንግ በሁለቱም ጫፉ ጆይንት (የሚታጠፍ መገጣጠሚያ) አለው፦ አንዱ ጎማው ጋ፣ አንዱ ካምቢዮው ጋ። እያንዳንዱ ጆይንት በላስቲክ ይሸፈናል። በድምሩ አራት ላስቲክ ማለት ነው። አሮጌዋ ኮሮላ ዲኤክስና አብዛኛው ዶልፊን ሚኒባስ በኋላ ጎማ ስለሚነዱ ይህ ጣጣ የለባቸውም።

ጎማው ጋ ያለው ጆይንት ውስጥ ብዙውን ጊዜ 6 የብረት ኳሶች አሉ፤ ጎማው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ተጠምዝዞ እያለ ጉልበቱ ሳይቆራረጥ እንዲደርሰው የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ካምቢዮው ጋ ያለው ደግሞ ባለሦስት ክንድ ነው፤ መኪናው በጉድጓድ ሲነሣና ሲወድቅ ዘንጉ ወደ ውስጥና ወደ ውጪ እንዲንሸራተት ያስችላል። ሁለቱም በግራሶ ተሞልተው ነው የሚሠሩት። ግራሶው በየጊዜው የሚጨመር አይደለም፣ አንዴ ገብቶ እዚያው ይኖራል። ስለዚህ ዕድሜው በሙሉ በላስቲኩ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ላስቲኩ ሲሰነጠቅ መጀመሪያ ግራሶው ይወጣል፤ ዘንጉ በፍጥነት ስለሚዞር ወደ ውጪ ይረጨዋል። ቀጥሎ ውኃና አሸዋ ይገባል። አሸዋ የገባበት ግራሶ ማለስለሱን ትቶ ብረቱን መሞረድ ይጀምራል። በደረቅ አስፋልት ላይ የተቀደደ ላስቲክ የተወሰነ ጊዜ ሊያቆይ ይችላል። በክረምት ጭቃ ግን ጆይንቱ ቶሎ ያልቃል።

አያያዝ፦ ማየትና ማጠብ

በዓመት ሁለት ጊዜ በደንብ እዩት፦ መጋቢት ላይ ዝናቡ ሳይበረታ፣ ጥቅምት ላይ ደግሞ ዝናቡ ሲያባራ። በጥቅምቱ አትሸወዱ፣ ከዚያ በኋላ የቡና ለቀማ ነው፤ ብዙ መኪና ወደ ጎማ ወረዳ፣ ወደ ሊሙ፣ ወደ ማና የገጠር መንገድ የሚመላለሰው ያኔ ነው። ከዚህ ውጪ ዘይት ለመቀየር መኪናው ጉድጓድ ላይ በቆመ ቁጥር አንድ ደቂቃ ወስዳችሁ በስልካችሁ መብራት አብሩበት።

አስተያየቱ እንዲህ ነው። መሪውን ሙሉ ለሙሉ ወደ አንድ ጎን አዙሩና ሞተሩን አጥፉ። ከጎማው ጀርባ ገብታችሁ እጥፋት እጥፋት ያለውን ጥቁር ላስቲክ ታገኙታላችሁ። ላዩን ብቻ አትዩ። ስንጥቁ የሚጀምረው በእጥፋቶቹ መሃል ስለሆነ በጣት ከፈት እያደረጋችሁ እዩ። ጎማውን ትንሽ ትንሽ እያዞራችሁ ዙሪያውን በሙሉ መጨረስ አለባችሁ። ቀጫጭን የላይ መስመሮች ካሉ ላስቲኩ እያረጀ ነው፣ ተዘጋጁ። ስንጥቁ ጠልቆ ከገባ ወይም ላስቲኩ ደርቆ ከጠጠረ ቀይሩት። በቸርኬው የውስጥ ገጽ፣ በብራቾው (ጎማውን ከሥር በሚይዘው ክንድ) ወይም በፍሬኑ አካባቢ በመስመር የተረጨ ጥቁር ግራሶ ካያችሁ ግን ሌላ ማጣራት አያስፈልግም፣ ተቀድዷል ወይም ማሰሪያው ለቋል።

የውስጠኛውን፣ ካምቢዮው ጋ ያለውን፣ ለማየት ከሥር መግባት ያስፈልጋል። እሱ እንደ ውጪኛው በመሪ ስለማይታጠፍ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚቀደደው፤ እንዲያም ሆኖ አትለፉት።

ስለ እጥበት ሁለት ነገር። አንደኛ፣ በእጥፋቶቹ መሃል የገባ ጭቃ ሲደርቅ ላስቲኩን እየፈገፈገ ይበላዋል፤ ከገጠር ስትመለሱ በተራ ውኃ እጠቡት። ላቫጆ ስትገቡ የውኃውን ግፊት በቅርብ ሆነው ማሰሪያው ላይ እንዳያነጣጥሩ ንገሯቸው፣ ውኃ በላስቲኩ ከንፈር (በሚታሰረው ጠርዝ) በኩል ሊገባ ይችላል። ሁለተኛ፣ ከታጠበ በኋላ "ከሥር ናፍታ ወይም የተቃጠለ ዘይት እንርጭለት?" ቢሏችሁ እምቢ በሉ። ብረቱን ከዝገት ያድናል ይባላል፣ ላስቲኩን ግን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ዕድሜውን ያሳጥራል። የአክስል ብቻ አይደለም፣ የቴስቲናውን (የመሪው ዘንግ ከጎማው ጋር የሚገናኝበትን) እና የብራቾውን ላስቲክ ጭምር።

ላስቲክ ብቻ ወይስ ሙሉ አክስል?

ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ወስኑ። ሰፊና ሰው የሌለበት ሜዳ ፈልጉ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሩ፣ ቀስ ብላችሁ ነዳጅ እየሰጣችሁ ክብ ዙሩ። ከዚያ በሌላው በኩል ድገሙት። "ቀጭ ቀጭ" ካለ ውጪኛው ጆይንት ተበልቷል። ወደ ግራ ስትዞሩ የሚጮኸው ብዙ ጊዜ የቀኙ ነው፣ ወደ ቀኝ ስትዞሩ ደግሞ የግራው። ድምፅ ሳይኖር ቀጥታ ላይ ነዳጅ ስትሰጡ መኪናው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የውስጠኛውን ጠርጥሩ።

ድምፅ ካለ አዲስ ላስቲክና አዲስ ግራሶ አይፈውሰውም። ለትንሽ ቀን ድምፁን ዝቅ ያደርገው ይሆናል፣ ከዚያ ይመለሳል፤ የእጅ ዋጋም ሁለቴ ትከፍላላችሁ። ድምፅ ከሌለና ላስቲኩ በቅርቡ የተቀደደ ከሆነ ግን ላስቲኩን ቀይሩ። ያገለገለ ሙሉ አክስል ርካሽ ሆኖ ቢቀርብላችሁም እኔ በበኩሌ የራሳችሁን ጤነኛ ጆይንት አዲስ ላስቲክ አልብሳችሁ መቀጠሉን እመርጣለሁ፣ የሰው አክስል ምን እንዳሳለፈ ማንም አያውቅምና።

ዕቃ ስትገዙ

የሻንሲ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው መኪኖች የተለያየ መጠን ያለው ላስቲክ ሊኖራቸው ይችላል። የቀኝና የግራ፣ የውስጥና የውጪ ይለያያሉ። በጥቅሉ ውስጥ ላስቲኩ፣ ትልቅና ትንሽ ማሰሪያ፣ ግራሶና የሚቀየረው የቀለበት ሽቦ (ጆይንቱን በዘንጉ ላይ የሚቆልፈው) መኖሩን ፓኮውን ከፍታችሁ እዩ። ላስቲኩን ጨምቁት፤ መደርደሪያ ላይ ዓመታት ያሳለፈ ላስቲክ እጥፋቱ ላይ ነጣ ነጣ ይላል፣ ይጠጥራል። የምትፈልጉት ዓይነት ጅማ ላይ ካልተገኘ ከአዲስ አበባ ማስላክ አለ፤ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ዕቃው በእጃችሁ ሳይገባ መኪናውን አትፍቱ።

ጎኑ ተሰንጥቆ የመጣና ዘንጉ ሳይወጣ በማጣበቂያ የሚዘጋ ላስቲክም አለ። ሥራው ቀላል ነው። በእኛ ጭቃ ላይ ግን መገጣጠሚያው ሲለቅ ማየት የተለመደ ነው፣ ስለዚህ ለጊዜው እንጂ ለዘለቄታው አልመክረውም።

ከዕቃው ሌላ የሚያስፈልጋችሁ፦ ክሪክ፣ መኪናውን የሚሸከም ጠንካራ ስታንድ፣ የጎማ ቁልፍ፣ ጎማው መሃል ዘንጉን አጥብቆ ለሚይዘው ለአክስሉ ዳዶ የሚሆን ቡሶላ (ለብዙ ቶዮታ 30 ቁጥር ነው)፣ ረጅም እጀታ ወይም ቧንቧ፣ መዶሻ፣ የናስ ዘንግ ወይም ጠንካራ እንጨት፣ ካቻቪቴ፣ የቀለበት ሽቦ መክፈቻ ፒንሳ፣ ማሰሪያውን የሚጨምቅ ፒንሳ፣ ሞርሳ (ዕቃ ጨምቆ የሚይዝ)፣ ብዙ ንጹሕ ጨርቅና ትንሽ ቤንዚን። ቤንዚኑን ክፍት ቦታ ላይ ተጠቀሙ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አታስጠጉ።

አሠራሩ

መኪናውን ደልዳላና ደረቅ መሬት ላይ አቁሙ። ጭቃ ላይ ክሪክ አይቆምም። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የኋላ ጎማዎችን በድንጋይ ደግፉ። ጎማው ገና መሬት ላይ እያለ የመሃሉን ክዳን አንሡና የአክስሉን ዳዶ አላሉት። በአንዳንዱ የዳዶው ከንፈር በዘንጉ ላይ ወዳለው ጎድጓዳ ተመትቶ ገብቷል፣ በአንዳንዱ ደግሞ የተሰነጠቀ ሚስማር ይይዘዋል፤ መጀመሪያ ያንን አስተካክሉ። አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁ፣ እናንተ በረጅሙ እጀታ ግፉ። የጎማውንም ብሎኖች አብራችሁ አላሉ።

አሁን በክሪክ አንሡ፣ ስታንዱን ከሻንሲው ጠንካራ ክፍል ሥር አስገቡና መኪናውን በእሱ ላይ አሳርፉ። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር አትግቡ። "ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው" ብላችሁም ቢሆን አትግቡ። ይህን የምለው አጥብቄ ነው።

ጎማውን አውጡ። የአክስሉን ዳዶ ከዘንጉ ጫፍ እኩል እስኪሆን ፍቱት፣ ሙሉ በሙሉ ግን አታውጡት፤ እንጨት ደግፋችሁ በመዶሻ መታ መታ ብታደርጉት ዘንጉ ከቦታው ይላቀቃል፣ ጥርሱም አይጎዳም። ባዶውን ዘንግ በቀጥታ በብረት መዶሻ የመታ ሰው ዳዶው እንደገና አይገባለትም።

ቀጥሎ ጎማውን የሚሸከመው ክፍል ወደ ውጪ እንዲወጣ መንገድ መክፈት ነው። ቴስቲናውን ፍቱ። ከዚያ ከሥር ብራቾው ከቦል ጆይንቱ ጋር የሚገናኝበትን ፍቱ፤ በብዙ ኮሮላዎች ላይ 1 ብሎንና 2 ዳዶ ነው። የኤቢኤስ ሽቦ ካለ ከማሰሪያው አውጡት፣ እንዳይጎተት። የፍሬን ካሊፐር ማውረድ ካስፈለገም በሽቦ አንጠልጥሉት እንጂ በፍሬን ቱቦው አታንጠልጥሉት። አሁን ዳዶውን ሙሉ በሙሉ አውጡና ዘንጉን ከመሃሉ ሳቡ።

የካምቢዮው ጫፍ ሲወጣ ዘይት ይፈሳል። አስቀድማችሁ ዘይቱን አውጡ ወይም ዕቃ ደግኑ። በጆይንቱ ቤትና በካምቢዮው መሃል የፈልፈያ ብረት አስገብታችሁ ፈንቅሉት፣ ነገር ግን የዘይት መያዣውን ላስቲክ እንዳትወጉት ተጠንቀቁ። ዘንጉን ይዛችሁ አትጎትቱ፣ የጆይንቱን ቤት ያዙ፤ ዘንጉ ከተጎተተ የውስጠኛው ጆይንት ተለያይቶ ይቀራል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ ዘንጉ ወጥቶ ሳለ መኪናውን በዚያ ጎማ ላይ አታሳርፉት፣ ኩሽኔታው ይጎዳል።

ዘንጉን በሞርሳ ስትይዙ መሃሉ ላይ እንጨት ወይም ጨርቅ አድርጉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። የብዙ ቶዮታ ውጪኛ ጆይንት ከዘንጉ ላይ እንዲነቀል ተብሎ አልተሠራም። በመዶሻ ብትደበድቡት ራሱን ትሰብሩታላችሁ። ስለዚህ የውጪኛውን ላስቲክ ለመቀየር የሚገባው በውስጠኛው በኩል ነው፤ ውስጠኛው ይፈታል፣ ሁለቱም ላስቲኮች በዚያ በኩል ይወጣሉ። እግረ መንገዳችሁን የውስጠኛውንም ላስቲክ ቀይሩት፣ እጃችሁ አንዴ እዚያ ደርሷል።

የውስጠኛውን ማሰሪያዎች ቁረጡ፣ ላስቲኩን ወደ ኋላ ግፉት። በቤቱ፣ በባለሦስት ክንዱና በዘንጉ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ ሲመለስ እንደነበረው እንዲገጥም። ምልክቱን በሹል ብረት እየመታችሁ አታድርጉት። ቤቱን ሳቡ፣ የቀለበት ሽቦውን በፒንሳ አውጡ፣ ባለሦስት ክንዱን በናስ ዘንግ ዙሪያውን መታ መታ እያደረጋችሁ አስወጡ። በክንዶቹ ላይ ያሉትን ተሽከርካሪ ሮለሮች አትምቱ። በአንዳንዱ ዘንግ መሃል ላይ ከባድ የላስቲክ ቀለበት አለ፤ ከማውጣታችሁ በፊት ከጫፍ ያለውን ርቀት ለክታችሁ ጻፉ።

አሮጌውን ግራሶ በጨርቅ ጥረጉና በጣታችሁ መሃል አሹት። አሸዋ ከቆረቆራችሁ ጆይንቱ በደንብ መታጠብ አለበት። ውጪኛውን በሁሉም አቅጣጫ እያጠፋችሁ በቤንዚን እጠቡት፣ ኳሶቹ አንድ በአንድ እስኪታዩ ድረስ። ከዚያ ፍጹም ይድረቅ፤ የቀረ ቤንዚን አዲሱን ግራሶ ያቀጥነዋል። ኳሶቹና የሚሄዱበት ቦይ ለስላሳ መሆን አለባቸው። ጉድጓድ፣ ቅርፊት የተነሣበት ቦታ ወይም የተቃጠለ ሰማያዊ ቀለም ካያችሁ ላስቲኩን አታልብሱት፣ አክስል ግዙ። እዚህ ላይ ለራሳችሁ አታድሉ።

የዘንጉን ጥርስ በፕላስተር ጠቅልሉ፣ አዲሱን ላስቲክ እንዳይቀደው። መጀመሪያ የውጪኛው ላስቲክ ከነማሰሪያው ይገባል፣ ከዚያ የመሃሉ ቀለበት ካለ በለካችሁት ቦታ፣ ከዚያ የውስጠኛው ላስቲክ። ለውጪኛው የተሰጠውን ጥቁር ግራሶ ግማሹን ኳሶቹ መሃል ጠቅጥቁ፣ ቀሪውን ላስቲኩ ውስጥ አድርጉ። የፓኮውን ያህል ብቻ። ሲበዛ ላስቲኩን ይወጥረዋል። የውስጠኛው ግራሶ ሌላ ዓይነት ስለሆነ አታቀያይሩ፣ በሱቅ የሚሸጠውን ተራ የኩሽኔታ ግራሶም አትጨምሩበት።

ባለሦስት ክንዱ ሲመለስ በጥርሱ በኩል ሸረፍ ያለው ጎኑ ወደ ውጪኛው ጆይንት ያያል። ምልክታችሁን አጋጥሙ፣ አዲሱን የቀለበት ሽቦ በቦዩ ውስጥ እስኪቀመጥ አስገቡ፣ ግራሶውን ሞልታችሁ ቤቱን አልብሱት።

ከማሰራችሁ በፊት አየሩን አስወጡ። ቀጭን ካቻቪቴ በትንሹ ከንፈር ሥር በቀስታ አስገቡ፣ "እስስ" ብሎ ይወጣል። ላስቲኩ ሳይነፋም ሳይሟሽሽም በተፈጥሮ ቅርጹ መቆም አለበት። ከንፈሮቹ በቦያቸው ውስጥ መግባታቸውን አይታችሁ ማሰሪያዎቹን በፒንሳው ጨምቁ። ከንፈሩ ላይ ግራሶ ካለ ጥረጉት፣ አለዚያ ይንሸራተታል። በሽቦ ወይም በፕላስቲክ ማሰሪያ ማሰር ብዙ ጋራዥ ያለ ልማድ ነው፤ ሽቦው ላስቲኩን ይቆርጣል፣ ፕላስቲኩ ይላላል። የውኃ ቱቦ የሚታሰርበት ባለብሎን ፋሼታ ደግሞ ወጣ ያለ ጫፉ ሲዞር ሌላ ነገር ሊመታ ይችላል። ትክክለኛውን ማሰሪያ ፈልጉ።

አክስሉን ስትመልሱ በካምቢዮው ጫፍ ያለው የቀለበት ሽቦ ክፍቱ ወደ ታች ይሁን፣ የዘይት መያዣውን ከንፈር በትንሽ ዘይት አርሱ። "ጠቅ" እስኪል አስገቡት፣ ከዚያ የጆይንቱን ቤት ይዛችሁ ሳብ አድርጉና መያዙን አረጋግጡ። ሌላውን በተፈታበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል መልሱ። የአክስሉ ዳዶ አዲስ ቢሆን ይመረጣል።

የማጥበቁ ነገር በግምት የሚተው አይደለም። ለብዙ ኮሮላና ያሪስ የአክስሉ ዳዶ 216 ኒውተን ሜትር ነው፣ የጎማ ዳዶዎቹ 103። ለእናንተ መኪና የተጻፈውን አጣሩ። መለኪያ ቁልፍ ካላገኛችሁ የጅማ ሰው በቀላሉ የሚያገኘው አማራጭ አለ፦ የቡና ነጋዴዎች የሚጠቀሙበት ተንጠልጣይ ባለመንጠቆ ሚዛን። ከዳዶው መሃል ልክ 1 ሜትር በሚርቅ እጀታ ላይ መንጠቆውን አስገቡ፣ ከእጀታው ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን ሳቡ፣ ሚዛኑ 22 ኪሎ ሲያሳይ 216 አካባቢ ደርሳችኋል። ጎማው ተገጥሞ፣ መኪናው መሬት ላይ ወርዶ፣ ፍሬን ተረግጦ ነው ይህ የሚደረገው። ከዚያ የዳዶውን ከንፈር ወደ ጎድጓዳው ምቱ ወይም አዲስ ሚስማር አስገቡ። የፈሰሰውን የካምቢዮ ዘይት በትክክለኛው ዓይነት ሙሉ።

የተቃጠለውን ዘይትና ግራሶ የበዛበትን ቤንዚን በጄሪካን ሰብስቡ። ቦይ ውስጥ የደፋችሁት ዞሮ አዌቱ ወንዝ ነው የሚገባው።

መንገድ ላይ ከተቀደደ

ከአጋሮ ወይም ከዴዶ ስትመለሱ አያችሁት እንበል። ጭቃውን ጥረጉ፣ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ ሰፋ ያለ ቁራጭ ቆርጣችሁ ስንጥቁ ላይ ጠቅልሉና በፕላስቲክ ማሰሪያ ያዙት። ከውኃ ራቁ፣ መሪውን እስከ መጨረሻ አታጥፉ፣ ዝግ ብላችሁ ንዱ። ይህ ቤት ለመድረስ ነው። ነገ ጠዋት ጋራዥ ሂዱ።

ከቀየራችሁ በኋላ

ያንኑ ሜዳ ፈልጋችሁ በሁለቱም በኩል ክብ ዙሩ። በሳምንቱ ደግሞ ጎንበስ በሉና ማሰሪያዎቹን፣ የቸርኬውን ውስጥና የካምቢዮውን አፍ እዩ። ትንሽ ግራሶ ከከንፈሩ ላይ ከነበረ ጥረጉትና በነጋታው እንደገና እዩት፤ ተመልሶ ከመጣ ማሰሪያው አልያዘም። የሌላኛው ጎን ላስቲክ ዕድሜውም መንገዱም እኩል ስለሆነ፣ ፓኮውን አሁኑኑ ገዝታችሁ ቤት አስቀምጡ፤ ጥላ ቦታ፣ ከነዳጅ የራቀ።